የእሁድ ማታ ስልክ

ከዠንግዡ ወደ ደንግፌንግ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭናቸው ላይ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ አቅፈዋል። ሳፋው ውስጥ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የብረት ኩባያና በፌስታል የተቋጠረ የተቀቀለ እንቁላል አለ። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው ቢበዛ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። አዲስ ቱታ ለብሷል፤ ለከርሞም እንዲሆነው ታስቦ የተገዛ ይመስላል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧቸዋል። ሽማግሌው ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው «ከአፍሪካ ነው» ብለው ለልጁ አስተላለፉለት። ልጁ ዞሮ አላየኝም። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽማግሌው እስኪያልቅ ድረስ አወሩኝ። የልጁ አባትና እናት ጓንግዶንግ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ ለአዲስ ዓመት ነው። ልጁን ያሳደጉት ባለቤታቸው ባለፈው ክረምት አረፉ። «ትምህርት ቤት ይደባደባል። እኔ ጉልበቴ አልቋል፤ ሮጬ አልደርስበትም» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እዚያ ኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ያሉት አሰልጣኞች ደህና ናቸው ይላሉ» ሲሉኝ፣ አዎ የሚላቸው ሰው የፈለጉ መሰለኝ። እኔ ደግሞ የምሄደው ያንኑ ለማየት ነበርና ምንም ልላቸው አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ያደግን ልጆች ሻኦሊንን የምናውቀው ከቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ አግዳሚ ወንበርና ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። የጄት ሊ ፊልም አልቆ ስንወጣ ሰፈሩ በሙሉ ይራገጥ ነበር። እኔ በዚያ አላበቃሁም፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ዓመት ውሹ፣ ማለትም ኩንግ ፉ፣ ሠልጥኛለሁ። አሰልጣኛችንን «ማስተር» ነበር የምንላቸው። በወር አሥር ብር ያስከፍሉ ነበር፤ የሌለው ልጅ አዳራሹን ጠርጎ ይገባል፣ መጥረጊያ ካልደረሰው ደግሞ ዝም ብሎ ይገባል። ለምን እንደሚያሠለጥኑን አንዳችንም ጠይቀናቸው አናውቅም። ፊልሞቹም አይናገሩም፤ ነጭ ጢም ያላቸው መምህር ወይ የሚበቀሉት ደም አለ፣ ወይ የሚጠብቁት ምሥጢር። ከብዙ ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ ዠንግዡ ስገባና ደንግፌንግ ከደጄ እንደሆነች ስረዳ፣ ያ ያልጠየቅነው ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ስለ መነኮሳቱ ብዙ ተጽፏል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በአንድ ጊዜ ሲራገጡ የሚያሳይ ፊልምም ሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ጥግ ላይ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የቆመውን ሰው ግን ማንም ልብ ብሎ አላየውም።

ደንግፌንግ ሄናን ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ከሶንግ ሻን ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። የሻኦሊን ገዳም ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ በ495 ዓ.ም. የተተከለ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማው ውስጥ ግን ከገዳሙ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የትምህርት ቤት አጥርና የልጆች ሰልፍ ነው። ታጎው የሚባለው ትልቁ ትምህርት ቤት በ1978 ሊዩ ባኦሻን የተባሉ የአካባቢው መምህር በጥቂት ልጆች የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ተማሪዎች አሉት። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ መክፈቻ ሜዳውን ሞልተው ታይ ቺ ያሳዩት 2008 ሰዎች ከዚያው ነበር የመጡት። እኔ ለአሥራ ሁለት ቀን ያረፍኩበት ግን ከዚያ በብዙ የሚያንስ፣ ከፍሎ ለሚገባ የውጭ ሰውም ጥቂት አልጋ ያለው ትምህርት ቤት ነው። የአውቶቡሱ ልጅና አያቱም እዚያው በር ላይ ወረዱ።

ፊሽካው የሚነፋው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ጨለማው አልገፈፈም። ልጆቹ ከተደራራቢ አልጋቸው ዘለው፣ ጫማቸውን በሩጫ ላይ እያጠለቁ ይሰለፋሉ። በመጀመሪያው ማለዳ ልብ ያልኩት ነገር አሰልጣኙ ከፊት አለመሮጡን ነው። ከኋላ ነው የሚሮጠው፤ ከመጨረሻው ትንሽ ልጅ አጠገብ፣ በዚያ ልጅ ፍጥነት። ይህ ለትልቅ ሰው ከባድ ሩጫ ነው፤ እርምጃን አሳጥሮ፣ ትንፋሽን ይዞ መዳከር ነው። ከሩጫው በኋላ ማ ቡ አለ። ፈረስ ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ፣ ጭንን ከመሬት ጋር አስተካክሎ፣ ሳይነቃነቁ መቆም ነው። እኔ አንድ ደቂቃ ሳይሞላኝ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። አጠገቤ ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዓይኗን ሩቅ ተክላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

እነሱ ይህን «ቺ ኩ» ይሉታል፤ መራራ መብላት ማለት ነው። እኛም «ፍዳዬን በላሁ» እንላለን፣ ነገር ግን እኛ ስንል እያማረርን ነው። እዚያ ግን ሙያ ነው። «መራራ መብላት ይችላል» ከተባለ፣ የሰው ልጅ ሊመሰገንበት ከሚችለው ሁሉ በላይ ተመሰገነ። ሽማግሌው አውቶቡስ ውስጥ ስለ ልጃቸው፣ ስለዚያ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የነገሩኝ ብቸኛ ምስጋና ይኸው ነበር።

የትንንሾቹ አሰልጣኝ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ ሳንዳ የሚባለው የፍልሚያ ስፖርት ተፋላሚ የነበረ፣ አፍንጫው አንዴ ተሰብሮ በመጠኑ ወደ ግራ ያዘመመ። በሦስተኛው ቀን ማታ ለምን አሰልጣኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ለደመወዙ» አለኝ፣ ሳያቅማማ። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ፤ ያን ያህል መንገድ ሄጄ ሌላ ነገር ነበር የምጠብቀው። እሱ ግን በዝርዝር አስረዳኝ። ሄናን ገጠር ውስጥ ሚስት ለማግባት ቤት ያስፈልጋል፤ ከቤቱ ሌላ ጥሎሽ አለ፣ ጥሎሹም ብዙ ገበሬ ለዓመታት ዕዳ ውስጥ የሚገባበት ነው። አባቱ ግንበኛ ነበሩ፣ ወገባቸው ተጎድቶ ተቀምጠዋል። ትምህርቱን ሲጨርስ እንደ ብዙ ጓደኞቹ ሻንጋይ ሄዶ የሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ነበር። ደመወዙ እዚህ ከሚያገኘው አይተናነስም። አንድ ዓመት ሠርቶ ተመለሰ።

«ለምን ተመለስክ?»

«አንድ ዓመት ሙሉ አንድ በር ላይ ቆምኩ። በስሜ የጠራኝ ሰው አልነበረም።»

ከዚህ ሌላ ለመጨመር አልፈለገም፤ ተነስቶ የልጆቹን ካልሲ ከገመድ ላይ ማንሳት ጀመረ። እያንዳንዱን ጥንድ በየባለቤቱ አልጋ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ካልሲው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው፤ በምን እንደሚለየው እስካሁን አልገባኝም።

የልጃገረዶቹ አሰልጣኝ ነገር ለየት ይላል። ሻንዶንግ ውስጥ ነው የተወለደችው፤ ቻንግ ቹዋን በሚባለው የባዶ እጅ ስልትና በሰይፍ ትወዳደር ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከዝላይ ስታርፍ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፣ በዚያው ውድድሩ አበቃ። ውሹ በ2008 ቤጂንግ ላይ የኦሎምፒክ ስፖርት ይሆናል ተብሎ ብዙ ተጠብቆ ነበር፤ በመጨረሻ በኦሎምፒኩ ሰሞን ለብቻው በተዘጋጀ ውድድር ብቻ ታየ። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፣ የሆነውን ግን አትረሳውም። አሁን በ2026 ዳካር ለሚካሄደው የወጣቶች ኦሎምፒክ ውሹ በይፋ መካተቱን የነገረችኝ ዳካር አዲስ አበባ አጠገብ የሆነች ያህል እየተደሰተች ነው። «በእናንተ አገር!» አለችኝ። ላርማት አልፈለግኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪዋን ስታርም ከጥግ ሆኜ አየሁ። ሰይፍ ስትይዝ ባዶው እጅ የራሱ አቀማመጥ አለው፤ አመልካችና መካከለኛ ጣት ቀጥ ይላሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ታጥፈው በአውራ ጣት ይያዛሉ። የልጅቷ ትንሿ ጣት አልታጠፍ እያለች ትወጣለች። አሰልጣኟ አልተናገረችም። ጣቷን በጣቷ ይዛ ትጫናለች፣ ትለቃለች፣ ደግማ ትጫናለች። ይህን ስታደርግ የራሷ ግራ እጅ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከጎኗ ያንኑ ቅርጽ ይዞ ነበር። እሷን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ መልሱን እጇ ላይ አየሁት። ሰውነቷ ጀምሮ ያቆመውን ነገር በሌላ ሰውነት ውስጥ ለመጨረስ ነው የምትደክመው። ለልጅቷ ከባድ ሸክም መሆኑም ይታወቀኛል። በሰው ጉልበት የሚሮጥ ሕልም ባለቤቱ ማን እንደሆነ አንዳንዴ ይጠፋል።

ይህን የምለው ያየሁት ሁሉ ደስ ስላላሰኘኝም ነው። በአምስተኛው ቀን ሌላ ወጣት አሰልጣኝ፣ ማ ቡ ላይ ሳለ የሳቀ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ጓደኞቹ ምሳ ሲገቡ ብቻውን እንዲቆም አደረገው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ በቀርከሃ ዱላ ባቱን መታው። አንዴ አይደለም። የቻይና የግዴታ ትምህርት ሕግ መምህር ተማሪን እንዳይመታ ይከለክላል፤ በእነዚህ አጥሮች ውስጥ ግን አሮጌው ልማድ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ደሜ ፈላ። እኛ አገር የቆሎ ተማሪ ከየኔታ አርጩሜ ያመለጠ ስንቱ ነው ብዬ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ያኛውም ልክ አልነበረም።

ወደ ትምህርት ቤቱ አዛውንት መምህር፣ ወደ ሺፉ ሄድኩ። «ሺፉ» የሚለው ቃል ሁለት አጻጻፍ አለው፣ ድምፁ ግን አንድ ነው። ባለሙያን፣ የታክሲ ሹፌርን ሳይቀር፣ የምትጠራበት አንድ አለ፤ ሌላው ደግሞ ሁለተኛው ፊደሉ «አባት» ማለት ነው። እኛ «የኔ ጌታ» የሚለው አጥሮ የኔታ እንደሆነልን፣ እነሱም መምህሩን አባት ብለው ጽፈውታል። ወጣቶቹን «ጂያኦሊየን»፣ አሰልጣኝ፣ ይሏቸዋል። ሺፉ የሚባሉት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እሳቸውን እዚህ ያመጣቸው ያው የኔ ፊልም ነው። በ1982 የወጣው፣ ጄት ሊ ገና ወጣት ሳለ የሠራው «ሻኦሊን ገዳም»። የመግቢያው ዋጋ የዩዋን አንድ አሥረኛ ነበር፤ እሳቸው አሥራ አንድ ጊዜ አዩት። ያኔ በመላ ቻይና ብዙ ልጆች ከቤት እየጠፉ ወደ ሶንግ ሻን ይመጡ ነበር፤ ሺፉም የመሐረብ ቋጠሮ ይዘው ከጠፉት አንዱ ናቸው። ሲደርሱ ያገኙት ፊልሙን አይደለም። ገዳሙ በ1928 በጦር አበጋዞች ውጊያ ተቃጥሎ፣ ከዚያም በባህል አብዮቱ ተጎሳቁሎ፣ ጥቂት አዛውንት መነኮሳት ብቻ የቀሩበት ቦታ ነበር። መንደሩ ውስጥ አንድ ገበሬ አስጠጓቸው፤ ቀን በቆሎ ያስኮተኩቷቸዋል፣ ማታ ያስተምሯቸዋል። አባታቸው ከሦስት ወር በኋላ ፈልገው ሲያገኟቸው ገበሬው ልጁን አልሸሸጉም፣ አሳልፈውም አልሰጡም። እራት አቀረቡና «ሲበላ እየው፣ ከዚያ ወስን» አሉ። አባትየው ልጃቸውን ትተው ተመለሱ።

ስለተመታው ልጅ ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ያ አሰልጣኝ ሃያ ዓመቱ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። «የተሰጠውን ነው የሚሰጠው።» አልተቀበልኳቸውም፤ ፊቴ ላይ ሳያዩት አልቀሩም። ከዚያ አዲስ አሰልጣኝ ሲቀጥሩ የሚያደርጉትን ነገሩኝ። ርግጫውን አያዩም፣ ሜዳልያውን አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ እዚህ የመጣህ ዕለት የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት አደርክ? «ተኛሁ» ያለውን ከትልልቆቹ ጋር ይመድቡታል። ትንንሾቹን አይሰጡትም።

«አፍንጫው የተሰበረውስ ምን አለ?»

«ጫማዬን አቅፌ አደርኩ አለኝ። ጠዋት ለመጥፋት።»

በማግስቱ ያ ዱላ የያዘው ወጣት ከሕፃናቱ ሜዳ ተነስቶ ትልልቆቹ ዘንድ ሲሄድ አየሁ። ይበቃል ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ የሆነውን ለመናገር ነው።

በስምንተኛው ቀን ሺፉ እኔንና ጥቂት ልጆችን ወደ ገዳሙ ወሰዱን። ቱሪስቱ ብዙ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው፤ ይህን አልዘረዝረውም። ሳልናገር የማላልፈው የሺህ ቡድሃዎች አዳራሽ ወለል ነው። የጡብ ወለሉ በሰልፍ በሰልፍ ጎድጉዷል፤ መነኮሳት ትውልድ በትውልድ በአንድ ቦታ እግራቸውን ሲረግጡ የሠሩት ጉድጓድ ነው። ልጆቹ ከገመዱ ወዲያ አንገታቸውን አስግገው ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያያሉ። ሺፉ ሥዕሉን አላሳዩአቸውም። ወደ አንዱ ጉድጓድ ጠቁመው «ከዚህ ማዶ ማን ቆሞ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ አልገባቸውም። «የሚረግጠው እዚህ ነበር። የሚያርመውስ?» አሉ። ከጉድጓዱ ማዶ ያለው ወለል ልሙጥ ነው። አሰልጣኝ ወዲያ ወዲህ ስለሚል የእግሩ ምልክት አይቀርም።

ያ ቀን እሁድ ነበር። እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልክ ይታደላል። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጡት ስልኮች፣ በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎ፣ ለአንድ ሰዓት ይወጣሉ። ኮሪደሩ በየክፍለ ሀገሩ አነጋገር ይሞላል። አንዱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይስቃል፣ አንዱ ደረጃ ሥር ገብቶ በሹክሹክታ ያወራል፣ አንዷ ለእናቷ አዲሱን ርግጫ ለማሳየት ስልኩን ጓደኛዋ ላይ ጭና ትራገጣለች።

ባለ ረጅም እጅጌው ልጅ ስልክ የለውም። አፍንጫው የተሰበረው አሰልጣኝ በራሱ ስልክ ደወለለት። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ልጁ ስልኩን ከጆሮው አንስቶ መለሰለትና «ሥራ ላይ ናት» አለ። ድምፁ የሕፃን አልነበረም፤ ሌላውን የሚያጽናና የትልቅ ሰው ድምፅ ነበር። አንጀቴን በላኝ።

አሰልጣኙ «እሺ» አለ። «እንግዲያው የተማርከውን አሳያት።» ልጁን ኮሪደሩ መካከል፣ ከመብራቱ ሥር አቆመው። ዘንበል ብሎ ሁለቱን እጅጌዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ጠቀለለለት፤ በስምንት ቀን ውስጥ የልጁን ጣቶች ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ስልኩን ለቪዲዮ ከፈተ። ዉ ቡ ቹዋን ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ባለ አምስት አቋቋም ልምምድ። ልጁ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እግሩ ተሳሳተና ቆመ። «ከመጀመሪያው» አለ አሰልጣኙ። በሁለተኛው ሦስተኛውን አለፈ፣ አምስተኛው ላይ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። ሌሎቹ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ዞሩ። ማንም አልሳቀም። አሰልጣኙ ተንበረከከ፤ ስልኩን በልጁ ዓይን ልክ ለማድረግ ነው። በሦስተኛው ልጁ ጨረሰው፣ እግሩን ገጠመ፣ የግራ መዳፉን ከቀኝ ጭብጡ ጋር ደረቱ ላይ አገናኝቶ ለስልኩ እጅ ነሳ። ቪዲዮው ዊቻት በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ተላከ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ውሃ ልቀዳ ስወጣ አሰልጣኙን ኮሪደሩ ላይ ፔርሙሶቹ ከተደረደሩበት አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። እናትየዋ ከሥራ ወጥታ የላከችው የድምፅ መልእክት ነበር። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ሞልቶ ነበር፤ ዊቻት ከዚያ በላይ አይቀዳም። አዳምጦ ጨረሰና እንደገና ከፈተው። በመካከል ሴቲቱ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ እኔ ከቆምኩበት አይለይም።

«ትቀሰቅሰዋለህ?» አልኩት።

«ይተኛ። ነገ ቁርስ ላይ አሰማዋለሁ።» ከዚያ ትንሽ አስቦ «ከሩጫው በፊት ይሻላል» አለኝ።

ደመወዝ ያለኝ ውሸት አልነበረም። ቤቱንም መሥራት አለበት፣ ጥሎሹንም መክፈል አለበት። ግን ለዚያ ሌሊት የሚከፈለው ነገር አልነበረም፤ ደግሞም ይህን ቢጠየቅ መልስ የሚኖረው አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ ለምን የሚለውን ጥያቄ ለማንም አላነሳሁም።

በመጨረሻው ማለዳ ሺፉን ልሰናበት ሄድኩ። በቻይናውያኑ ደንብ መዳፌንና ጭብጤን ገጥሜ እጅ ስነሳ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። የሠራሁት ስህተት አለ ብዬ ደነገጥኩ። የግራ አውራ ጣቴን ነበር የሚያዩት፤ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ይህን እዚህ አይደለም የተማርከው» አሉኝ። «የውጭ ሰዎች አውራ ጣታቸውን ይረሱታል። ማን አስተማረህ?»

ስለ ቀበሌው አዳራሽ ነገርኳቸው። ስለ አሥር ብሩ፣ ስለ መጥረጊያው፣ ማስተር አውራ ጣታችንን እየዞሩ አንድ በአንድ እንደሚያጥፉት። ስሰማው ድምፄ ተለወጠብኝ። በሕይወት አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አላውቅም አልኳቸው።

«ስማቸው ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ሊደግሙት ሞከሩ፤ «ጸ» አልወጣላቸውም። ቀስ ብዬ ደገምኩላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አፌን እያዩ በድጋሚ ሞከሩ፣ አሁንም ተበላሸ። ውጭ ፊሽካው ተነፋ፣ የልጆቹ እግር ሜዳውን መደብደብ ጀመረ። ሺፉ አልዞሩም። እጄን እንደያዙ ሦስተኛ ጊዜ ጠሩት፣ ተሳካላቸው።